ሳሙና፣ ጠፍርና ከመነዳሪ፦ በአሮጌ የመስክ መኪና ላይ ስለሚደረግ የዘዴ ጥገና

(ለአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ መምህራን፤ ውድ ሠልጣኞች፤

ጋባዦቼ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ አዳዲስ ሞተሮች እንድናገር ነበር። በማላውቀው ነገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ከማድከም፣ ዕድሜዬን ስለፈጀሁበት ጉዳይ ብናገር ይሻላል ብዬ ይህን ካርቶን ተሸክሜ መጣሁ። ጠረጴዛው ላይ እንደዘረገፍኩት በውስጡ ያለው አንድ የልብስ ሳሙና፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ (በጎማ ውስጥ አየር ከሚይዘው ላስቲክ) የተቆረጠ ጥብጣብ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ጥቅል ሽቦ፣ ሲባጎ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የደረቀ የጠፍር ቁራጭ ነው። አንዳቸውም ከመለዋወጫ መደብር የተገዙ አይደሉም፤ ሁሉም ግን በአንድ ወቅት የቆመ ላንድሮቨር ወይም ላንድክሩዘር አንቀሳቅሰው ሰው ለቤቱ አብቅተዋል።

እንዲህ ያለውን ጥገና ብዙ ሰው ብልኀት ብሎ ያደንቀዋል። እኔ ግን በ36 ዓመት የሾፌርነትና የመካኒክነት ሥራዬ እንዳየሁት፣ የዘዴ ጥገና የሚሳካለት እጀ ፈጣኑ ሰው ሳይሆን፣ የተበላሸው ክፍል ሥራ ላይ ሳለ ምን እንደሚደርስበት የሚያውቀው ሰው ነው። ጀማሪ መካኒክ መንገድ ላይ ሲቆም ዓይኑን የሚያማትረው የተሰበረውን ነገር የሚመስል ዕቃ ፍለጋ ነው፤ ጎማ ቢቀደድ ጎማ፣ ብረት ቢሰበር ብረት ይፈልጋል። መጠየቅ የነበረበት ግን ያ ክፍል የሚችለው ምኑን ነው የሚለውን ነበር። ሙቀት ነው ወይስ ግፊት? የሚነካው ውሃ ነው ወይስ ቤንዚን? ይሳባል ወይስ ይታጠፋል? ይህ ከታወቀ በኋላ ዕቃው ራሱ ከጓዳም ከማሳም ይገኛል።

ስለ አሮጌዎቹ መኪኖች ብቻ የምናገረው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ ማግስት በብሪታንያ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉን በአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት፤ ብዙ የቅርጽ ማውጫ መሣሪያም ስላልነበራቸው ላሜራውን ጠፍጣፋ አድርገው በቡሎን አያያዙት። የታሰበውም ለገበሬ ነበርና በተራ መፍቻ የማይፈታ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው 40ኛው የላንድክሩዘር ተከታታይና በዚያው በ1984 የጀመረው፣ እስከ ዛሬም የሚመረተው 70ኛው፣ በዚሁ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ ነዳጅ የሚሄድበትን ቱቦ በዓይን ትከተሉታላችሁ፤ የሚዞረውን ሲዞር ታያላችሁ፤ የሚፈስሰውን በጣት ነክታችሁ ውሃ ይሁን ዘይት ትለያላችሁ። ኮምፒዩተር የሚያዝዘው ሞተር ግን ምን እንደጎደለው ለእጅ አይነግርም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ፍሪሲዮን (ክላች)፣ ባሌስትራ (የመኪናው ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ)፣ ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ)፣ ፒንሳ (መቆንጠጫ) የምንላቸው ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የቀሩልን ናቸው። እንግሊዝ የሠራውን መኪና በጣሊያን ቃል እየጠራን በሀገራችን ጠፍር የምናስር ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ዘዴው ከየት መጣ ብሎ መከራከር ብዙ አያዋጣም።

ሞተሩን ወደሚያቀዘቅዘው ውሃ ልግባ፤ በእኛ ሀገር መንገድ ብዙውን መኪና የሚያቆመው ውሃ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከ91 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው በ80 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ስታስቡ፣ በደጋ የሚነዳ ሰው በደኅናው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር ዲግሪ ያህል ብቻ መሆኑን ትረዳላችሁ። ይህን ልዩነት የሚያሰፋልን የራዲያተሩ፣ ማለትም የውሃ ማቀዝቀዣው፣ ክዳን ነው፤ ስፕሪንጉ ግፊት ይዞ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት እንደ ክዳኑ ዓይነት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ታዲያ ራዲያተሩ ሲሸነቆር ሾፌሮቻችን መጀመሪያ የሚያደርጉት ክዳኑን ማላላት ነው። አሠራሩ ስሕተት አይደለም፤ ግፊቱ ሲቀንስ የሚፈስሰውም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ክዳኑን ያላላ ሰው እነዚያን ዲግሪዎች እንዳጣቸው ማወቅ አለበት። በሜዳና በቁልቁለት ያዋጣዋል፤ ዳገት ሲጀምር ግን ውሃው በሽንቁሩ መውጣቱን ትቶ በእንፋሎት ይወጣል።

ሽንቁሩ ከራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች በአንዱ ላይ ከሆነ የሚሻለው መድኃኒት ፒንሳ ነው። ከቱቦው ግራና ቀኝ ያሉትን ስስ ክንፎች ገለል አድርጎ፣ ቱቦውን ከሽንቁሩ በላይና በታች ጨፍልቆ ማጠፍ ይበቃል፤ የነሐስና የመዳብ ራዲያተር ይህን ይታገሣል። አንድ ቱቦ አጥቶም ራዲያተሩ ሥራውን አያቆምም። ፒንሳ የማይደርስበት ቦታ ሲሆን ነው እንቁላሉም፣ ተልባውም፣ በሶውም፣ በርበሬውም የሚመጣው።

ስለ እንቁላል ያለኝን ልንገራችሁ። ይሠራል፤ ፈሳሹ እንቁላል በሙቅ ውሃው ውስጥ ይረጋና ወደ ሽንቁሩ ተገፍቶ ይወተፈዋል። ችግሩ የት እንደሚረጋ የሚመርጠው እንቁላሉ እንጂ እናንተ አለመሆናችሁ ነው። ዱቄቱማ የባሰ ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ገንፎ ማገንፋት ማለት ነው። አንድ ጊዜ ያለማቋረጥ የሚፈላ ላንድክሩዘር ጋራዥ መጥቶልኝ የራዲያተሩን የላይ ታንክ ስነቅለው ከቱቦዎቹ ሲሶው በነጭ ቅርፊት ተደፍኖ አገኘሁት። ባለቤቱን ብጠይቀው ከ2 ዓመት በፊት መንገድ ላይ በሶ መጨመሩን አስታወሰ፤ ሽንቁሩ ያኔ ተደፍኖለት ስለነበር ረስቶታል። ስለዚህ ሌላ ምርጫ ካጣሁ እኔ የምጨምረው ደቀቅ ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ እርሱንም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ ነው። በርበሬ አይበስልም፤ ቅንጣቱ ሽንቁሩ ላይ ሄዶ ይሰካል፤ በኋላም ውሃው ሲታጠብ አብዛኛው ይወጣል።

ውሃ የሚያመላልሰው የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ደግሞ ከመነዳሪን የሚያህል ወዳጅ የለም። አሠሪዎች የሚሳሳቱት ዝም ብለው ስለሚጠቀልሉት ነው። ጥብጣቡ ሁለት ጣት ስፋት ይኑረው። ጎማው ከዘይትና ከውሃ በጨርቅ ደርቆ ይጠረግ። ከዚያ ጥብጣቡን ርዝመቱ እጥፍ እስኪሆን ድረስ እየሳባችሁ፣ እያንዳንዱን ዙር ባለፈው ዙር ላይ በግማሽ እያሳረፋችሁ ጠምጥሙ። የተወጠረው ላስቲክ ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ሲል ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የውሃውን ግፊት የሚቋቋመውም ይኸው ጫና ነው። ያልተወጠረ ከመነዳሪ ግን እንደ ጨርቅ ነው፤ ዐሥር ዙር ቢጠመጠምም ያፈስሳል።

አሁን ሳሙናውን ልውሰድ። በብዙዎቹ የድሮ ላንድሮቨሮች የነዳጁ ታንክ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ከመንገድ የሚፈናጠር ድንጋይ ያገኘዋል። ስንጥቁ ላይ ደረቁን የልብስ ሳሙና አጥብቃችሁ ብትፈትጉት፣ ሰፋ ያለም ከሆነ ሳሙናውን ከጥጥ ጋር በእጃችሁ ለውሳችሁ ብትወትፉት፣ ነዳጁ መንጠባጠቡን ያቆማል። ሳሙና በውሃ ይሟሟል እንጂ በቤንዚንም በናፍጣም አይሟሟም፤ ማስቲካና ብዙ ዓይነት ኮላ ግን ቤንዚን ሲነካቸው ይላላሉ። ከዚህ ደግሞ የዘዴው ወሰን ይወጣል፤ ዝናብ ከመጣ፣ ወይም ወንዝ ከተሻገራችሁ፣ ሳሙናው ታጥቦ ይሄዳል። የክረምት መንገደኛ ሳሙናውን በከመነዳሪ ጥፍጥፍ ሸፍኖ ማሰር አለበት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ነዳጁን ቀድቶ ጨርሶ ባዶውን ታንክ በብየዳ መድፈን ከዘዴ አይቆጠርም። ከሞላ ታንክ ይልቅ ባዶ የሚመስለው ታንክ ያስፈራል፤ በውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ነውና የሚፈነዳው።

የነዳጅ ፓምፕ ሲሞት ሌላ መላ አለ። ፓምፑ የሚሠራው ነዳጁን ከታች ወደ ላይ መሳብ ከሆነ፣ ነዳጁን ከላይ ብናስቀምጠው ፓምፕ ለምን ያስፈልጋል? የክትባት ቡድን ይዤ ስሄድ የናፍጣ ላንድሮቨራችን ፓምፕ ተቀደደ። ጀሪካኑን ፖርቶመጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ በሲባጎ አሰርን፤ ከነርሷ አንድ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ለምነን ናፍጣውን ወደ ፊልትሮው (ወደ ማጣሪያው) አወረድነው። በፊልትሮው ላይ ባለው ቡሎን አየሩን ስናስወጣ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ በሜዳውም ያለ ችግር ሄደ። ዳገት ሲጀምር ግን እያነጠሰ ይሞትብን ገባ። ሁለት ጊዜ አየር አስወጣን፤ አልረዳም። ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ፦ የግሉኮስ ቱቦ የተሠራው ለጠብታ ነው፤ ሞተር በዳገት የሚጠጣውን ያህል አያሳልፍም። ረዳቱ ከወንበር ሥር ናፍጣ መሳቢያውን ወፍራም ላስቲክ አውጥቶ ሰጠኝና በእርሱ ስንተካው ሞተሩ አደብ ገዛ። የመሰለኝን ሳይሆን የሚችለውን መርጬ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው እርሱን አነሣ ነበር። በቤንዚን መኪና ይህን እንድታደርጉ ግን አልመክርም፤ ከጣሪያ የሚወርድ ቤንዚን ላስቲኩ ቢሾልክ የሚያርፈው የጋለ ሞተር ላይ ነው።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ አልናገርም። የላላ የባትሪ ጫፍ በሚስማር ቁራጭ ይጠብቃል፤ የበሰበሰው ጫፍም በሶዳና በሙቅ ውሃ ይጸዳል፤ ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የማልታገሠው ግን በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠቅለልን ነው። ፊውዝ ሥራው መቃጠል ነው፤ የማይቃጠል ነገር ካስገባችሁበት በእርሱ ፋንታ የሚቃጠለው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ሽቦ ሁሉ ነው። ከተራ የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ብቻ የሆነ ቀጭን የመዳብ ክር ምዘዙ። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ክር በ7 አምፔር ገደማ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ለአነስተኛ መብራት እውነተኛ ፊውዝ ሆኖ ያገለግላል።

ቺንጋ ሲበጠስ በሴት ስቶኪንግ መተካት እንደሚቻል በብዙ ሀገር ይወራል። ሊሆን ይችላል። በእኛ ሀገር መንገድ ላይ ግን ስቶኪንግ ያደረገች መንገደኛ እስክትገኝ መጠበቅ ቺንጋውን ከአዲስ አበባ ከማስመጣት ብዙም አያንስም። ከከመነዳሪ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ፣ ሁለት ሦስቱን ደርባችሁ ማጥለቅ ትችላላችሁ፤ ዋናው ነገር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዲናሞ ትታችሁ ቀለበቱን ከሞተሩ ፑሊ ወደ ውሃ ፓምፑ ብቻ ማሳለፍ ነው። ዲናሞ ሸክም ነው፤ ላስቲኩ እርሱን ልጎትት ሲል ይንሸራተትና ይቃጠላል። የናፍጣ ሞተር በቀን ያለ ዲናሞ ከተማ ይደርሳል። ማርሚታ ሲቀደድም የወተት ጣሳውን ቀዳችሁ፣ በውስጡ እርጥብ ሸክላ አፈር ለጥፋችሁ በሽቦ ጠፍሩት፤ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ግን አሉሚኒየም ስለሆነ ከሞተሩ አጠገብ ያለውን ሙቀት አይችልም። መስኮቱንም ክፈቱ። የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ የመጣባችሁ ይመስላችኋል።

ካስጠነቀቅኳችሁ በቀር፣ እስካሁን ያነሣኋቸው ዘዴዎች ቢከሽፉ መኪናውን ከማቆም የከፋ ነገር አያስከትሉም። ፍሬንና መሪ ግን ቢከሽፉ መኪናው አይቆምም፤ ክልክል ናቸው የምለውም ለዚህ ነው። የፍሬን ዘይት ያለቀበት ሾፌር የሞተር ዘይት ወይም የሳሙና ውሃ ሲጨምር አይቻለሁ። የሞተር ዘይት በፍሬን ውስጥ ያሉትን የላስቲክ ማሸጊያዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል፤ የሳሙናው ውሃም ፍሬኑ ሲግል ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት እንኳን አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ ከወረደ እዚያ ሙቀት ላይ ለመድረስ ብዙ አይፈጅበትም፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆንበታል። ውሃ የጨመረበትማ ገና ከግማሹ ቁልቁለት ሳይደርስ ነው። በላንድሮቨር ደግሞ በእጅ ፍሬኑ አትተማመኑ፤ የሚይዘው ጎማዎቹን ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሆነ፣ የኋላ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው ዘንግ) ከተሰበረ ወይም አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ከተነሣ መኪናውን ላይዝ ይችላል። ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳታደርጉ ከመኪና ሥር አትግቡ።

ስለ መሪ የምነግራችሁን በራሴ ነው የተማርኩት። ወጣት ሳለሁ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ፣ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ ላልቶ ሊወልቅ ደረሰ። በሽቦ አሰርኩት፤ በሽቦው ላይ ከመነዳሪ ጠመጠምኩ፤ በእጄ ብወዘውዘው ንቅንቅ አላለም። በጣም ኮራሁ። የዘነጋሁት፣ መገጣጠሚያው ሥራው አጥብቆ መያዝ ብቻ ሳይሆን በየኩርባው መዞር ጭምር መሆኑን ነበር። በዞረ ቁጥር ሽቦው እየታጠፈ ይደክም ነበርና በአንዱ ኩርባ ላይ ተበጠሰ፤ የፊት ጎማዎቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ዞሩ። የእግረኛ ያህል ዝግ ብለን ስለምንሄድና ጎማው ወደ ተራራው በኩል ስለጎተተን ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ተጨፍልቆ ቀረ። ረዳቱ ወርዶ ገደሉን አየና አንድ ቃል ሳይናገር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሽቦው እስኪበጠስ ድረስ የሄድነው 12 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። በዘዴ ለጠገንኩት ነገር ሁሉ ከመኪናው ቁልፍ ላይ አንድ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ክሩም የሚፈታው ትክክለኛው መለዋወጫ ሲገባ ብቻ ነው። በጥገና መዝገብ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን መዝገቡን ሾፌር አያነብበውም፣ ቁልፉን ግን በየቀኑ ይጨብጠዋል። በሶውን ረስቶ 2 ዓመት የነዳው ሰው ቁልፉ ላይ ክር ቢኖር ኖሮ ራዲያተሩን ባላጣ ነበር።

ባሌስትራ በተፈቀደውና በተከለከለው መካከል የቆመ ነገር ነው። የፊቱ ከሆነ መሪውን ስለሚነካ አልደፍረውም። የኋላው ከሆነ፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድና ጭነቱን ለሚያራግፍ ሰው መላ አለው። በግንቦት 1986 ዓ.ም. ከሊማሊሞ በታች ካለችው ከዛሪማ ስንመለስ የኋላ ግራው ባሌስትራ ዋና ቅጠል (ከተደራረቡት ብረቶች ዋናው) ከአክስሉ ወደ ፊት አንድ ስንዝር ያህል ላይ ከሁለት ተሰበረ። ተከታዩ ቅጠል ደኅና ነበር፤ የሚያስፈልገን ሁለቱን ቅጠሎች እንደ አንድ አጣብቆ የሚይዝ፣ ሲነጥርም የማይላላ ማሰሪያ ነበር። ሽቦ ይላላል፤ ከመነዳሪ ይለጠጣል። ከመንገዱ በታች አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥማድ በሬ ይዘው ሲያርሱ አየሁና ወርጄ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ጠፍር ይኖርዎታል?»

«ያለኝ ለምራን ያዘጋጀሁት ነው» አሉኝ። ምራን ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያስረው ጠፍር መሆኑን ከተማ ላደጋችሁት ልንገራችሁ፤ በእርሻ ወራት ምራን የሌለው ገበሬ ስፍራው ቤቱ ነው። ሽማግሌው ወደ መኪናው መጥተው አጎንብሰው የተሰበረውን ቅጠል በጣታቸው ዳሰሱት። «ልጄ፣ ይሄ ሲቀየር የት ይገባል?» ብለው ጠየቁኝ። ይጣላል አልኳቸው። «እንዳትጥለው። ቀጥቃጭ ማረሻ ያወጣበታል። እሱን ታመጣልኛለህ፣ ጠፍሩን ትወስዳለህ።» ገንዘብ ብሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

ጠፍሩ ያልለፋ ቆዳ መሆኑ ነው ዋናው ነገር። የለፋ ቆዳ እንደዚያ አይሰበሰብም። አንድ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው፤ እንደ ጥሬ ሥጋ ለሰለሰ። ስብራቱ ላይ ከወይራ የተጠረበ መጋጠሚያ እንጨት ደገፍን። ከዚያ ረዳቱ እግሩን ከጎማው ላይ ተክሎ እየሳበ፣ እኔ ጠፍሩን ዙር በዙር እያጠጋጋሁ ጠቀለልነው፤ ጫፉንም በመጨረሻዎቹ ሦስት ዙሮች ሥር አሳልፈን ቀበርነው። ቶሎ እንዲደርቅ እሳት ላቅርብለት ያለውን ረዳት ከለከልኩት፤ እርጥብ ጠፍር ሙቀት ከበዛበት ወደ ሙጫነት ይለወጣል። የቆላ ፀሐይ ይበቃዋል። ጠፍሩ ቅጠሎቹን ያጣብቃል እንጂ አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ሊይዘው ስለማይችል፣ አክስሉን በሰንሰለት ከፊት ለፊቱ ካለው የሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ክፍል ጋር አሰርነው። ከሰዓት በኋላ በፒንሳ ጀርባ ሳንኳኳው እንደ እንጨት ጮኸ። ክትባቱን በጭነት መኪና አስቀድመን፣ ባዶውን ላንድሮቨር በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ሳናሳልፍ ሊማሊሞን ወጣን። ደባርቅ አደርን፤ በማግሥቱ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን ተጉዘን ጎንደር ገባን።

አዲሱ ባሌስትራ የተገኘው በ9ኛው ቀን ነው። ጠፍሩ በእጅ አልፈታ ስላለ በቢላዋ ተቆራርጦ ወጣ። ቀዩን ክር ፈታሁ። ቅጠሉም ወደ ዛሪማ በሚሄደው በቀጣዩ የክትባት ጉዞ ለሽማግሌው ደረሰ፤ በዓመቱ በዚያ ሳልፍ ማሳው ዳር አስቁመውኝ ማረሻውን አሳዩኝ፤ የባሌስትራው ጉብጠት በጀርባው ላይ ገና አልጠፋም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቁራጭ የዚያ ጠፍር ቅሪት ነው። ወደዚህ ቀረብ ብላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ የቅጠሎቹ ጠርዝ የገባበት መሥመር ዛሬም ይታያል።